ለእነዋሪ የሚሆን ትራክተር ለሸዋሮቢት አይሆንም

ደብረ ብርሃን ውስጥ ትራክተርና የውኃ ሞተር እጠግናለሁ። ክረምት ሊገባ ሲል ጋራዡ በር ላይ ሰው ይበዛል። ግማሹ ለጥገና ነው የሚመጣው። ሌላው ገና ሊገዛ ያሰበ ነው፤ «ባለ ስንት ፈረስ ጉልበት ይሻለኛል?» ይለኛል። መልሱ አንድ ቁጥር ቢሆን ኖሮ በሩ ላይ ጽፌ እገላገል ነበር። ሰሜን ሸዋ ግን ብዙ ዓይነት አገር ነው። ጣርማበርን የወረደ ሰው ብዙም ሳይቆይ ካፖርቱን አውልቆ ጥላ ይፈልጋል። አፈሩም ይቀየራል፣ አየሩም ይቀየራል፣ ትራክተሩም አብሮ መቀየር አለበት።

የምጽፈው ትንሽ ትራክተር ለሚያስቡ ነው። በእጅ ከሚነዳው ባለ ሁለት ጎማ ጀምሮ እስከ ባለ 50 ድረስ። ባለ 90 እና ከዚያ በላይ የሚገዙ ባለሀብቶችን ሌላ ሰው ይምከራቸው።

መጀመሪያ ቀን ቁጠሩ

ሰው መሬቱን ነው የሚቆጥረው። «ሃያ ጥማድ አለኝ» ይላል። ደግ፣ አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ነው ብለን እንያዘው፤ አምስት ሄክታር ሆነ። ግን ከጥማዱ በፊት ቀኑ ይቆጠር። መሬታችሁ ለእርሻ የሚመቸው ስንት ቀን ነው? እነዋሪ ያለችበት የሞረትና ጅሩ መረሬ፣ ማለትም ተጣባቂው ጥቁር አፈር፣ በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ ማረሻ አያስገባም። ዝናብ ሲጠግብ ደግሞ ጎማ ላይ እየተለጠፈ አላስኬድ ይላል። በሁለቱ መካከል ያለችው አጭር ጊዜ ናት የእርሻ ጊዜ። ሸዋሮቢት ቀለል ያለ አፈር ያለው ሰው ግን ዝናብ አባርቶ ብዙም ሳይቆይ ይገባል።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። የማረሻውን ስፋት በሜትር ውሰዱ። በሰዓት በሚሄደው ኪሎ ሜትር አባዙት። ለ10 አካፍሉት። በሰዓት የሚታረሰው ሄክታር ይወጣል። ይሄ ግን ትራክተሩ ሳይቆምና ሳይዞር ቢያርስ ነው። የእኛ ማሳ ትንንሽ ነው፤ ለመዞሪያው፣ ድንጋይ ለማንሳቱና ለሻዩ 40 በመቶ ቀንሱ።

ባለ ሁለት ዲስክ ማረሻ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ያርሳል። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ሒሳቡ 0.3 ሄክታር ይሰጣል። ተቀናንሶ 0.18 ይቀራል። አንድ ሄክታር አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል ማለት ነው። ቀኑን ስምንት ሰዓት የሠራ ሰው ስድስት ጥማድ ያህል ይጨርሳል። ሃያ ጥማዱ አንድ ዙር በአራት ቀን አለቀ።

የእጅ ትራክተሩንም በዚሁ መንገድ አስሉት። ባለ 60 ሳንቲ ሜትር ሮታቬተር (በሚሽከረከር ምላጭ አፈር የሚያለሰልስ ዕቃ) ይዞ በሰዓት ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ቢሄድ በቀን ሦስት ጥማድ ይወጣዋል። መጥፎ አይደለም። ግን ሻጭ የማይነግራችሁን ልንገራችሁ፤ ሦስት ጥማድ በ60 ሳንቲ ሜትር ለማረስ ከኋላ ያለው ሰው 12 ኪሎ ሜትር በእግሩ ይሄዳል። ያውም መሪውን እየታገለ፣ በታረሰ መሬት ላይ። ለጎረምሳ ይሆናል። ለስልሳ ዓመት አባወራ ግን እኔ አልመክርም።

ሒሳቡን ጨርሶ ያሰላ ሰው ብዙ ጊዜ የሚደርስበት ትራክተር ከልቡ ከነበረው ያነሰ ነው። ለራስ መሬት ብቻ ከሆነ ትልቅ መግዛት ናፍጣ ማቃጠል ነው። ባለ 12 የእጅ ትራክተር በሰዓት ሁለት ሊትር ገደማ ይጠጣል። ባለ 25 አራት፣ ባለ 40 ደግሞ ስድስት ሊትር አካባቢ፤ ጠንከር ያለ ሥራ ላይ። ኪራይ ለማረስ ካሰባችሁ የጎረቤቶቻችሁንም ጥማድ ደምሩ። አንድ ነገር ብቻ አትርሱ። ጎረቤት ሁሉ ትራክተሩን የሚፈልገው እናንተ በምትፈልጉበት በዚያው ሳምንት ነው።

ኮፈኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር የእኛ አገር ቁጥር አይደለም

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ፤ ዋናው ነገር ይሄ ነው።

ያንኑ ባለ ሁለት ዲስክ ማረሻ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አስገቡት። ቀላል አፈር ላይ 500 ኪሎ ገደማ የመጎተት ኃይል ይፈልጋል። መረሬ ላይ ወደ 1000 ኪሎ ይደርሳል። ማረሻው አንድ ነው፣ ፍጥነቱ አንድ ነው፣ ሸክሙ ግን እጥፍ ሆነ።

1000 ኪሎን በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ለመጎተት 18 ፈረስ ጉልበት ተኩል ይበቃል። የሞተሩ ጉልበት ግን ሙሉውን ማረሻው ጋ አይደርስም። ካምቢዮው የራሱን ይወስዳል፣ ጎማው ሲንሸራተት ይባክናል። 60 በመቶ ከደረሰ ጥሩ ነው። ስለዚህ ሞተሩ 30 ያህል መስጠት አለበት።

ሞተሩ ደግሞ እዚህ ከፍታ ላይ ፋብሪካው ያለውን አይሰጥም። ተርቦ (አየር ገፍቶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ዕቃ) የሌለው ሞተር በየ100 ሜትር ከፍታ ከጉልበቱ 1 በመቶ ያህል ያጣል፤ አየሩ ይሳሳልና። እነዋሪ 2600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደብረ ብርሃን 2800 ገደማ። ኮፈኑ ላይ 40 የሚለው ሞተር እኛ ጋ ሲመጣ 30 ገደማ ነው። በሬ ይህ ችግር የለበትም፤ እዚሁ ተወልዶ እዚሁ ያደገ ነው።

ስለዚህ እነዋሪ ላይ ባለ ሁለት ዲስክ ማረሻ ለመጎተት ኮፈኑ ላይ ቢያንስ 40 የሚል ፈልጉ። ዘና ብሎ እንዲሠራ ከፈለጋችሁ 45። ሸዋሮቢት ቀላል አፈር ላይ ያንኑ ማረሻ አስሉት። ሸክሙ ግማሽ ነው። ከፍታው 1300 ሜትር ገደማ ስለሆነ ሞተሩ የሚያጣው 13 በመቶ ብቻ ነው። ባለ 20 ይጎትተዋል። ባለ 25 ደግሞ እያፏጨ ይጎትተዋል።

ተርቦ ያለው ሞተር ደጋ ላይ ጉልበቱን ብዙም አያጣም። ዋጋውም ጥገናውም ግን ከፍ ይላል። ደጋ ላይ በየቀኑ ለሚሠራ ሰው ያዋጣል፤ በዓመት ጥቂት ሳምንት ለሚያርስ አያዋጣም ባይ ነኝ።

በነገራችን ላይ፣ ቆላ ላይ ደህና ሲሠራ የነበረ ትራክተር ደብረ ብርሃን ሲወጣ ጥቁር ጭስ ያበዛል። ባለቤቱ የናፍጣ ፖምፓው ተበላሸ ብሎ ይመጣል። ፖምፓው ደህና ነው። የሚረጨው ናፍጣ ያው ነው፤ አየሩ ነው ያነሰው። ፖምፓው ላይ ናፍጣውን ቀነስ ማድረግ ይቻላል፤ ጭሱ ይጠፋል፣ የጠፋው ጉልበት ግን አይመለስም። እና ፖምፓ ልቀይርልህ የሚላችሁን ሰው ቶሎ አትመኑ።

ክብደቱን ጠይቁ

አንድ የእነዋሪ ደንበኛዬ ባለ 40 አዲስ ገዝቶ መጣ። «ሞተሩ ደህና ነው፣ ግን አይጎትትም» አለኝ። ሄጄ አየሁት። መረሬው ላይ ማረሻው ሲገባ የኋላ ጎማው ባለበት ይሽከረከራል፣ የፊቱ ቀለል ይላል። ሻጩ ስለ ፈረስ ጉልበቱ ብዙ ነግሮታል። ስለ ክብደቱ ግን አንድ ቃል አልነገረውም።

ሞተር ጎማ ያዞራል። መሬት የሚይዘው ክብደት ነው። በደህና አፈር ላይ በአራቱም ጎማ የሚነዳ ትራክተር የክብደቱን ግማሽ ያህል ይጎትታል። በኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳው ሲሶውን ያህል። ለ1000 ኪሎ ጉተታ የመጀመሪያው 2 ቶን፣ ሁለተኛው 3 ቶን መሆን አለበት ማለት ነው። ትንንሾቹ ባለ 40 ብዙዎቹ 2 ቶን አይሞሉም። ስለዚህ ለመረሬ በአራቱም የሚነዳ ግዙ። ልዩነቱ ዋጋው ላይ ይታያል፤ ግን መረሬ ላይ በዚህ አልደራደርም።

የጎደለውን ክብደት መጨመር ይቻላል። ከፊት የሚንጠለጠል ብረት አለ፣ ጎማው ላይ የሚታሠር አለ። ርካሹ የኋላ ጎማን ሦስት አራተኛ ውኃ መሙላት ነው። ደብረ ብርሃን፣ ጫጫና አንጎለላ አካባቢ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ስለሆነ ውኃው ውስጥ ካልሲየም ክሎራይድ የሚባለው ጨው ይጨመራል። ያ ጨው ቸርኬውን ይበላል፤ ከመነዳሪ (የውስጥ ላስቲክ) በሌለው ጎማ ውስጥ አይግባ። ራዲያተሩ ውስጥም ተራ ውኃ ሳይሆን ኩላንት ይግባ።

ክብደት ደግሞ ጣጣ አለው። እርጥብ መረሬ ላይ ከባድ ትራክተር ከሄደ ከሥር ያለው አፈር ይጠጠራል። ውኃ አይሰርግም፣ ሥር አይወርድም። ስለዚህ ክብደቱ ለሥራው የሚበቃ ይሁን እንጂ ከዚያ አይለፍ። የማረስ ሥራው ሲያልቅ የተንጠለጠለውን ብረት አውርዱት።

በቅቶ እንደሆነ የሚታወቀው በመንሸራተቱ ነው። ጎማው ላይ በኖራ ምልክት አድርጉ። ማረሻውን አንስታችሁ ጎማው 10 ጊዜ እስኪዞር ሂዱና ርቀቱን በሜትር ለኩ። ከዚያ ማረሻውን አስገብታችሁ እንደገና 10 ዙር። ባዶውን 40 ሜትር ሄዶ እያረሰ 35 ሜትር ከሄደ፣ መንሸራተቱ 12 በመቶ ተኩል ነው፤ ጥሩ ነው። ከ15 በመቶ በላይ ከሆነ ክብደት ጨምሩ ወይም ጥልቀቱን ቀንሱ። ጨርሶ የማይንሸራተት ከሆነ ደግሞ ያለ ጥቅም ብረት ተሸክማችኋል።

እነዋሪና ደነባ አካባቢ ለምትሠሩ አንድ ልኬት ልጨምር። ውኃ ለማጠንፈፍ በአይባር (መደብና ቦይ በሚያወጣው የእርሻ መሣሪያ) የሚሠራው መደብ 80 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ቦዩ 40። ከቦይ መሐል እስከ ቦይ መሐል 1 ሜትር ከ20 ማለት ነው። ስንዴው ከበቀለ በኋላ ለመርጨት ልትገቡ ካሰባችሁ፣ የትራክተሩ ግራና ቀኝ ጎማ መሐል ለመሐል 1 ሜትር ከ20 ላይ ሊስተካከል ይችል እንደሆነ ጠይቁ። ጎማው ራሱ ከ40 ሳንቲ ሜትር የጠበበ ይሁን። ከቻለ በቦዩ ውስጥ ይሄዳል፤ መደቡን አይረግጥም።

መንገዱ፣ በሩና ቁልቁለቱ

ትራክተሩ ማሳው ጋ ካልደረሰ ሌላው ሁሉ ወሬ ነው። ሜትር ይዛችሁ ውጡ። በድንጋይ ካቡ መሐል ያለችውን መተላለፊያ ለኩ፣ የግቢውን በር ለኩ፣ የወንዙን መሻገሪያ እዩ። ትንንሾቹ ትራክተሮች ከ1 ሜትር ከ10 እስከ 1 ሜትር ከ50 ይሰፋሉ። ከኋላ የሚታሰረው ዕቃ ግን ከትራክተሩ ሊሰፋ ይችላል። ሮታቬተር ደግሞ ሲገዛ የጎማውን ዱካ የሚሸፍን ይሁን። ባለ 1 ሜትር ከ50 ሮታቬተር ደጋ ላይ ባለ 45 ይፈልጋል፤ ባለ 30 ላይ አታንጠልጥሉት።

ተዳፋት ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር። ጠባብ ትራክተር በቀላሉ ይገለበጣል። ወደ ጎን ያዘነበለ መሬት ላይ 10 ሜትር ስትሄዱ ከሜትር ተኩል በላይ ከወረደ በላዩ አግድም አትረሱ። ከወንበሩ ኋላ የሚቆመው የመገልበጥ መከላከያ ብረት የሌለውን ትራክተር፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ፣ አትግዙ። ካለው ደግሞ ቀበቶውን እሰሩ። ብረቱ የሚያድነው ከወንበሩ ያልወጣን ሰው ነው። ልጅ ጭቃ መከላከያው ላይ ተቀምጦ ሲሄድ ሳይ ራሴን ያመኛል።

ስለዚህ የመንዝና የአንኮበር ሰው ሲመጣብኝ ብዙ ጊዜ ገንዘቡን ይዞ እንዲመለስ ነው የምመክረው። ረባዳው ላይ ሰፋ ያለ ማሳ ከሌለው በቀር። እርከኑን ትራክተር ሲወጣና ሲወርድበት ይናዳል፤ ስንት ሰው የደከመበት ነው። ድንጋዩም የሮታቬተሩን ምላጭ ይበላል። ድንጋያማ መሬት ላይ ዲስክ ይሻላል፤ ድንጋዩን ተንከባሎ ያልፈዋል። እርከን ላይ ለሚሠራ ሰው ባለ 8 ወይም ባለ 10 የእጅ ትራክተር ይሞከር፤ እሱም እርከኑ ሰፋ ካለ።

ተሳቢም ነገር አለ። ሰው ትራክተር ሲገዛ ስለ እርሻ ያስባል፤ ከገዛው በኋላ ግን ብዙውን ቀን ጭድ፣ ማዳበሪያና አሸዋ ነው የሚጎትተው። ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከነጭነቱ ከትራክተሩ አይክበድ። ዳገቱን ቢወጣ እንኳ ቁልቁለቱ ላይ ተሳቢው ትራክተሩን ይገፋዋል። ወደ ጀማ ሸለቆ ወይም ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ ሰው ማርሹን ከላይ አስገብቶ ይውረድ። መሐል ቁልቁለት ላይ ፍሪሲዮን አይረገጥም።

እንግዲህ የቱ ለማን

ለእነዋሪ፣ ለደነባና ለጅሁር መረሬ ባለ 45 እስከ 50፣ በአራቱም የሚነዳ፣ ከነክብደቱ። ይህ ለአንድ አባወራ ይበዛል። ኩታ ገጠም የሚያርሱ ጎረቤታሞች ተሰባስበው ቢገዙት ግን ልክ ነው፤ ድንበሩ ላይ መዞሩም ይቀራል፤ ቀን ያተርፋል።

ለምንጃር ሜዳም ባለ 40 እና ባለ 50 ጥሩ ነው። ከፍታው ዝቅ ስለሚል ያው ሞተር ከእነዋሪ ይልቅ እዚያ ይበረታል። ለጤፍ በሮታቬተር ያለሰለሰ ሰው ግን መሬቱን መልሶ ማስረገጥ እንዳለበት አይርሳ፤ ጤፍ የላላ አፈር አይወድም።

ደብረ ብርሃን ዙሪያ ገብስና ባቄላ ዘርቶ ላም ለሚያልብ ሰው ባለ 35 እመርጣለሁ። ዓመቱን ሙሉ ሥራ አያጣም። መኖ መቁረጫና መውቂያ በፒቲኦው (ከትራክተሩ ኋላ ወጥቶ ሌላ ዕቃ በሚያዞረው ዘንግ) ያዞራል፤ ፒቲኦው በደቂቃ 540 ዙር የሚሰጥ መሆኑን አረጋግጡ፣ ብዙው ዕቃ የሚሠራው በእሱ ነው። እዚህ ጥቁር አፈር ላይ ባለ አንድ ዲስክ ማረሻ ይበቃዋል።

ለሸዋሮቢትና ለቀወት ሽንኩርትና ማሾ ባለ 25። ሁለት ሦስት ጥማድ በመስኖ ለሚያለማ የእጅ ትራክተር። አለቀ።

ከመክፈላችሁ በፊት

ሻጩን በገዛ መሬታችሁ እንዲያርስ ጠይቁት፤ ዝናብ ዘንቦ አፈሩ ሲመች እንጂ በበጋ አይደለም። የከተማ ግቢ ውስጥ የማይነሣ ትራክተር የለም። ማረሻው በሙሉ ጥልቀት ገብቶ፣ በማሳው በከባዱ በኩል፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይሥራ። ሞተሩ እያቃሰተ ጭስ ካበዛ ቁጥሩ አንሷል። የፊት ጎማው ከተነሣ ክብደቱ አንሷል።

ከዚያ የፊልትሮ፣ የፍሪሲዮንና የሃይድሮሊክ ላስቲክ ዋጋ ጠይቁ፤ ማሲ ፈርጉሰን ይሁን፣ ሶናሊካ ይሁን፣ ማሂንድራ ይሁን። «ይመጣል» የሚል መልስ አትቀበሉ፤ መደርደሪያው ላይ አሳዩኝ በሉ። ያገለገለ ከሆነ የሰዓት ቆጣሪውን ብቻ አትመኑ። የፍሪሲዮን ፔዳሉን ላስቲክና የማያያዣውን ቀዳዳዎች እዩ። ቆጣሪው 600 ሰዓት እያለ ፔዳሉ ተበልቶ ከሆነ ቆጣሪው ይዋሻል። ሊብሬው ከሻሲ ቁጥሩ ጋር ይመሳከር።

በሊዝ ለመግዛት ያሰበ ሰው ዋልያን የመሰሉ የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ ድርጅቶችን ይጠይቅ። ፕሮፎርማው ላይ ማረሻውና መከስከሻውም ይግባ። ትራክተሩን በሊዝ ወስዶ ለማረሻው ገንዘብ ያጠረው ሰው አይቻለሁ፤ አንድ ክረምት ሙሉ ተሳቢ ሲጎትት ከረመ።

አዲስ ከሆነ የመጀመሪያው የሞተር ዘይት አብዛኛውን ጊዜ 50 ሰዓት ሲሞላ ነው የሚቀየረው፤ መመሪያ መጽሐፉን ተመልከቱ። የጎማውን ብሎን ደግሞ ከመጀመሪያው የእርሻ ቀን በኋላ ማታውኑ አጥብቁ።